ለጤና ሚኒስቴር፦ ኦሲዲ በየጤና ጣቢያው ይታከም

እጇን በረኪና የላጣት ሴት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ቅባት ታዞላት ትመለሳለች። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትታጠብ፣ መታጠቡን መተው ለምን እንዳቃታት የሚጠይቃት ባለሙያ እምብዛም አይገኝም።

ኦሲዲ ሳይፈለግ የሚመላለስ አስጨናቂ ሐሳብና ያን ጭንቀት ለማብረድ የሚደጋገም ድርጊት ነው። ሰውየው ይታጠባል፣ ይቆጥራል፣ የቆለፈውን በር ተመልሶ ይነካካል። ለጊዜው ቀለል ይለዋል፤ ጥርጣሬው ግን ወዲያው ይመለሳል። ከ100 ሰዎች እስከ ሦስት የሚሆኑትን በዕድሜያቸው አንድ ወቅት ይይዛቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም በልጅነት ወይም በወጣትነት ነው።

በእኛ አገር ሕመሙ የእምነት መልክ ሲይዝ ይበልጥ ይሰወራል። ለመቁረብ የተዘጋጀች ወጣት ፊቷን ስትታጠብ ጠብታ ውኃ የዋጠች ይመስላታል። የንስሐ አባቷ «አይዞሽ፣ ምንም የለብሽም» ይሏታል፤ ጥቂት ሳትራመድ ተመልሳ ያንኑ ትጠይቃቸዋለች። ሙስሊሙ ወጣት ውዱእ አድርጎ እንደገና ያደርጋል፤ የሶላቱ ሰዓት ያልፍበታል። ቤተሰቡም «ወስዋስ ይዞት ነው» ይላል። ጸሎቱም ሆነ ጸበሉ ከሕክምና ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል። ማረጋገጫው በተደጋገመ ቁጥር ግን ጥርጣሬው ሥር ይሰዳል፤ ይህን ለካህናቱም፣ ለኢማሞቹም፣ ለወላጆችም መንገር ያስፈልጋል።

ሕክምናው ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1966 ቪክተር ማየር የተባለ የለንደን የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ሁለት ታካሚዎች የሚፈሩትን እንዲጋፈጡና ድርጊቱን እንዳይደግሙ በማድረግ ያገኘውን መሻሻል አሳተመ። ዛሬም መንገዱ ይኸው ነው፦ ታካሚዋ የምትጸየፈውን የበር እጀታ ትነካለች፣ ሳትታጠብም ትቆያለች። ጭንቀቱ ይንራል፤ ቆይቶ ግን በራሱ ይበርዳል። ከቀላሉ ተነሥቶ ወደ ከባዱ ይኬዳል።

እንደ ፍሎክሰቲን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ። ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚታዘዘው ከፍ ያለ መጠን ይፈልጋሉ፤ ውጤታቸውም እስከ 12 ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ይህ ያልተነገረው ታካሚ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ይተዋቸዋል። ክሎሚፕራሚን ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለዚሁ ሕመም ተመዝግቧል።

ሚኒስቴሩ ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች በሚሰጠው ሥልጠና ውስጥ ኦሲዲን የሚለዩ ጥቂት ጥያቄዎችን ያካትት። የሳይካትሪ ነርሶችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሚፈራውን በመጋፈጥ ሕክምና ይሠልጥኑ፤ በሩቅ ክልል ያለ ታማሚ ለዚህ ብሎ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መምጣት የለበትም። ክሎሚፕራሚንም በክልል ሆስፒታሎች ይቅረብ።