የአዕዋፍ መንገድና የበዓሉ ቀን

አንድ የቤተሰብ አባት፥ «ለፋሲካ ኢየሩሳሌምን ስንሳለም፥ ልጆቼ ንስሮች ከአፍሪካ ሲመለሱ እንዲያዩ እወዳለሁ፤ ወዴት ልውሰዳቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «መቼ» ብለው ቢጠይቁ ይሻል ነበር።

ሥፍራውስ ኤላት ነው፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ደቡብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፥ በቀይ ባሕር ጫፍ ይገኛል። ንስርና ጭልፊት ብዙ ሳይደክሙ የሚንሳፈፉት ከሞቀ ምድር በሚነሣ አየር ነው። ይህ አየር በባሕር ላይ ስለሚያጥር፥ ወደ ሰሜን ሲመለሱ በየብሱ መንገድ ይሰበሰባሉ። ስለዚህም ምድር ሳይሞቅ በማለዳ ሰማዩን መጠበቅ ትርፉ ድካም ነው፤ በማለዳስ የጨው ኩሬዎቹን መጐብኘት ይሻላል።

ጊዜው ግን ያታልላል። ንስሮቹ በብዛት የሚያልፉት ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ነው። ፋሲካችን ደግሞ ከመጋቢት 26 በፊት አይውልም፤ በ2010 ዓ.ም. መጋቢት 30፥ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ውሏል። እኔም ይህን ሳላመዛዝን፥ ፋሲካ በዘገየበት ዓመት ልጄን ይዤ ሄጄ ንስር ሳናይ ቀረን። ልጁ ዝም አለ፤ ዝምታው ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ። ያጽናናን የተርብ እጭ የሚመገበው ጭልፊት ነው፤ እርሱ በሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ይጐርፋል።

እንግዲህ ለእኒያ አባት እንዲህ አልኋቸው፤ ልጆቹ የሚናፍቁት ንስርን ብቻ ከሆነ፥ ጉዞው በዐቢይ ጾም፥ ስንቁም የጾም ይሁን። በዓሉንና አዕዋፉን ባንድነት ከፈለጉ ግን ፋሲካ የሚዘገይበትን ዓመት ይጠብቁ፤ የብዙ ዓመት ቁጠባ ነውና፥ ትኬት ሳይቈረጥ ባሕረ ሐሳቡ ይታይ።