ተሸጠው ያልተነዱ ጎሾች

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2020 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ኅብረትን የሊቀመንበርነት ወንበር ተረከቡ። በዚያው ዕለት ሊምፖፖ ክፍለ ሀገር፣ ቤላ ቤላ አጠገብ ከሚገኘው ፋላ ፋላ ከተባለው የግል እርሻቸው ሌቦች ገብተው ሶፋ ውስጥ ተሸጉጦ የነበረ ዶላር ይዘው ወጡ። ፕሬዚዳንቱ ወሬውን የሰሙት ለጉባኤው አዲስ አበባ ሳሉ እንደሆነ ራሳቸው ተናግረዋል። ያመለከቱትም ለራሳቸው የጥበቃ ሹም ነበር። ፖሊስ ጣቢያ የተከፈተ መዝገብ አልነበረም።

አገሬው ነገሩን ያወቀው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የቀድሞው የስለላ ኃላፊ አርተር ፍሬዘር ጁን 2022 ላይ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ሲያመለክቱ ነው። ፍሬዘር ተሰረቀ ያሉት ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ራማፎሳ ደግሞ 580,000 ብቻ ነው አሉ። ፍሬዘር የማረሚያ ቤቶች ኃላፊ ሳሉ የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ጄኮብ ዙማን በሕክምና ምክንያት ከእስር ያስለቀቁ ሰው ናቸውና ለፍትሕ ብቻ ተቆርቁረው መጡ ብሎ ማመን ይቸግራል። ሶፋው ግን እውነት ነበር።

የራማፎሳ ማብራሪያ እንዲህ ይላል። በ2019 የፈረንጆች ገና ዕለት አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ ወደ እርሻው መጥቶ 20 ጎሾች መረጠ፤ 580,000 ዶላሩንም በጥሬው ከፈለ። ሠራተኛው ገንዘቡን መጀመሪያ ካዝና ውስጥ አስቀመጠው። የካዝናው ቁልፍ ግን በብዙ ሰው እጅ ነበርና ብዙም ሰው የማይገባበት መኝታ ክፍል ያለ ሶፋ ውስጥ ከተተው። ጎሾቹን የሚወስድ ሰው ሳይመጣ ሌባ መጣ።

ከዚያ በኋላ መርማሪ አልጠፋም። ፓርላማው የሰየመው የባለሙያዎች ቡድን፣ እንባ ጠባቂው፣ ሪዘርቭ ባንኩ፣ ዐቃቤ ሕጉ ሁሉም ፋይል ከፍተዋል። ደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንቷን መመርመር ፈራች ብሎ የሚወቅስ ተሳስቷል። ችግሩ ሌላ ነው፦ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ቁራጭ ጥያቄ መለሰ፤ የአገር መሪ ከቢሮው ሳይለቅ እንስሳ እየሸጠ የውጭ ምንዛሪ መቀበል ይችላል ወይ የሚለውን ሙሉ ጥያቄ ግን እስከ ፍጻሜው ይዞ የሄደ አልተገኘም።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉም የቀረበው በቀድሞው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሳንዲሌ ንግኮቦ የተመራው የሦስት ሰዎች ቡድን ነው። ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ፕሬዚዳንቱ ሕገ መንግሥቱንና የፀረ ሙስና ሕጉን ጥሰው ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ መነሻ ማስረጃ አለ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 የካቢኔ አባል ሌላ ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ እንዳይሠራ፣ በሥልጣኑና በግል ጥቅሙ መካከልም ግጭት ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ራማፎሳ ደግሞ በዚያው ዓመት በፓርቲያቸው የሊምፖፖ ጉባኤ ላይ ገበሬ እንደሆኑ፣ እንስሳ እንደሚገዙና እንደሚሸጡ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ቡድኑን ከሁሉ በላይ ያጠራጠረው የጎሾቹ ነገር ነው። ያን ያህል ገንዘብ የከፈለ ሰው ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላም ከብቱን ካልወሰደ፣ መጀመሪያውኑ ሽያጭ ነበር ወይ?

ሪዘርቭ ባንክ ኦገስት 2023 ላይ ይህንኑ ፍሬ ነገር ይዞ ተቃራኒው መደምደሚያ ላይ ደረሰ። በምንዛሪ ደንቡ የውጭ ገንዘብ የማግኘት መብት ያለው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለተፈቀደለት ባንክ ማቅረብ አለበት። ባንኩ ግን ሽያጩ ሁኔታዎቹን አሟልቶ አልተጠናቀቀም፤ ስላልተጠናቀቀም እርሻው በዶላሩ ላይ ሕጋዊ መብት አላገኘም፤ መብት ከሌለ ደግሞ የማሳወቅ ግዴታ የለም አለ። ለንግኮቦ ቡድን ጥርጣሬ የነበረው ለባንኩ ነጻ ማውጫ ሆነ። እንደ ሕግ ትርጓሜ ያስኬድ ይሆናል። ገንዘቡን ግን ሶፋ ውስጥ ከመግባት አልከለከለውም።

ተጠባባቂ እንባ ጠባቂዋ ኮሌካ ግካሌካ ጁን 2023 ላይ ፕሬዚዳንቱ በእርሻው ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ ስለመሥራታቸው ማስረጃ አላገኘሁም አሉ፤ ቀዳሚዋ ቡሲሲዌ ምክዌባኔ ምርመራውን ባሳወቁ ማግስት መታገዳቸውን ግን የሚረሳ የለም። ዐቃቤ ሕግም በኦክቶበር 2024 ክስ ለመመሥረት የሚበቃ ማስረጃ የለም ብሎ ዘጋው።

ሙሉውን ጥያቄ ሊጠይቅ ይችል የነበረው ፓርላማው ነበር። የንግኮቦ ሪፖርት ከወጣ በኋላ ራማፎሳ ሥልጣን ሊለቁ ነው እስከመባል ተደርሶ የአገሪቱ ገንዘብ ራንድ ዋጋው ተንኮታኩቶ ነበር። ዲሴምበር 13 ቀን 2022 ግን ምክር ቤቱ ጉዳዩ ፕሬዚዳንቱን ከሥልጣን ማንሳትን ወደሚያይ ኮሚቴ እንዳይመራ በ214 ድምፅ ወሰነ፤ ይመራ ያሉት 148 ነበሩ። ከገዥው ፓርቲ አፈንግጠው ይመራ ካሉት ጥቂቶች አንዷ ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ ናቸው፤ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽንን ሲመሩ አዲስ አበባ በደንብ የምታውቃቸው የያኔዋ ሚኒስትር።

ራማፎሳ ዙማ አይደሉም የሚለው መከላከያ አለ፤ እውነትም ነው። ንካንድላ በተባለው የዙማ መኖሪያ ግቢ የፈሰሰው የመንግሥት ገንዘብ ነበር፦ በድምሩ 246 ሚሊዮን ራንድ ይገመት ነበር። የመዋኛ ገንዳውን «የእሳት ማጥፊያ ውኃ ነው» ብለው ሲከራከሩለት አገር ስቋል። በፋላ ፋላ የተሰረቀው የግምጃ ቤት ገንዘብ አልነበረም። ነገር ግን በንካንድላ ጊዜ የነበረው ነገር በፋላ ፋላ ጠፍቷል፤ እንባ ጠባቂዋ ቱሊ ማዶንሴላ በ2014 ሪፖርታቸው ገንዳውንም፣ የከብት በረቱንም፣ የዶሮ ቤቱንም አንድ ላይ ይዘው ፕሬዚዳንቱና ቤተሰባቸው ያለአግባብ ተጠቅመዋል ወይ ብለው ጠየቁ። ተጠቅመዋል አሉ። ያኔም ፓርላማው ለዙማ ተከላከለ፤ ሆኖም ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ማርች 2016 የእንባ ጠባቂዋ ውሳኔ አስገዳጅ ነው ብሎ ስለፈረደ ዙማ 7.8 ሚሊዮን ራንድ ከፈሉ። ከወጣው አንጻር ጥቂት ነው። ቢሆንም ከፈሉ።

ራማፎሳ በ2014 ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ሻንዱካ ከተባለው ኩባንያቸው ድርሻቸውን ለቀቁ። ኩባንያውን ለቀው ጎሹን ለምን አስቀሩ? ምናልባት ከብት ለብዙ አፍሪካዊ ሽማግሌ ንግድ ስለማይመስለው ይሆናል፤ ክብርና ፍቅር ነው። በግማሽ ሚሊዮን ዶላር የሚሸጥ ከብት ግን ከማንኛውም አክሲዮን አይለይም፤ ሕጉም ሊለየው አይገባም። ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው በስሙ የሚሸጥ ነገር ሁሉ እሱ በማያዝዘው ባለአደራ እጅ ይግባ፤ ካልገባ ደግሞ የሚመረምረው አካል አንድ ይሁን፣ ጥያቄውም ሙሉ ይሁን።

ተቃዋሚዎች የፓርላማውን ድምፅ ይዘው ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄዱ። ዳኞቹ ክርክሩን የሰሙት ኖቬምበር 2024 ነው፤ ሌቦቹ ሶፋውን ከፈተሹ አምስት ዓመት ሊሞላ ሦስት ወር ሲቀረው።