የሐኪሙ ዓይን ወዴት ነው?

በ1816 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኤኔክ ከአንዲት ወጣት በሽተኛ ደረት ላይ ጆሮውን መለጠፍ ነውር ቢሆንበት ወረቀት ጠቅልሎ ልቧን አዳመጠ፤ የልብ ማዳመጫም ከዚህ ተወለደ። መሣሪያው ጆሮን ከደረት ቢያርቅም ሐኪሙን ከበሽተኛው አልለየም፤ ለማዳመጥ መጠጋት አልቀረምና።

ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች የበሽተኛው ታሪክ የሚጻፈው በኮምፒዩተር ነው። መዝገብ ፈልጎ ማግኘት ቀላል ሆኗልና ይህን አንነቅፍም። ነገር ግን ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳያነሣ «ምንዎን ያምዎታል?» ሲል፣ አፍረው ዋናውን ሕመም ሳይናገሩ የሚወጡ እናቶች እንዳሉ እናውቃለን። ያልተነገረ ሕመም ደግሞ በየትኛውም መሣሪያ አይመዘገብም።

እንግዲህ ነገ በሽተኛ የምትቀበሉ ተማሪዎች ሆይ፣ ጣታችሁ መጻፍ ሳይጀምር ፊታችሁን ወደ ሰውየው መልሱ። «እንደምን አደሩ?» ማለትም ከሕክምናው ይቈጠራል።