«ተዘግቷል» ማለት አለቀ ማለት ነው?

እህቶቼ፣ ባለፈው አርብ ስንገናኝ «አሁን እኮ ሁሉ ነገር በስልክ ሆኗል፣ ምን ችግር አለ?» ያለች ልጅ ነበረች። እውነቷን ነው፣ ግን ግማሹን።

እዚህ ሳውዲ የቤት ሠራተኛ ደሞዝ በሙሳነድ በኩል በባንክ ወይም በስልክ ዋሌት እንዲገባ ታዟል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 በአዲስ ውል ተጀምሮ ከጃንዋሪ 2026 ለሁላችንም ሆነ። ድሮ «ሰጥቻታለሁ»፣ «አልሰጠችኝም» እየተባባልን ነበር፤ አሁን የገባው ይመዘገባል። ይሄን አላጣጥልም።

ግን ኢቃማ ማሳደሱም፣ የመውጫና መመለሻ ቪዛውም በካፊሉ አብሸር ነው። በራሷ ስም ሲም ያላትስ ስንቷ ናት? ዋሌቱ በማዳም ስልክ ከተከፈተ ኮዱም እሷ ጋ ነው የሚመጣው።

እኔ ይሄ ሳይመጣ በፊት የአምስት ወር ደሞዝ ቀርቶብኝ ለአንድ ቢሮ በስልክ አመለከትኩ። አረብኛ እናገራለሁ እንጂ አላነብም፣ የበቃላው ሰውዬ ነው የሞላልኝ (እግዜር ይስጠው)። ከአሥር ቀን በኋላ መልእክት መጣ። ደስ ብሎኝ ሮጥኩ። ሲያነበው «መረጃ ስላልተሟላ ተዘግቷል» ይላል። ምን እንደጎደለ አይልም። ደውዬ ብጠይቅ «አዲስ አስገቢ» አሉኝ። አስገባሁ፣ እሱም ተዘጋ። የጎደለው የውሉ ቁጥር እንደነበር ያወቅኩት ከወራት በኋላ ከሌላ ልጅ ነው። እነሱ ዘንድ ግን ዓመቱ ሲቆጠር የኔ ጉዳይ ሁለት ጊዜ «ያለቀ» ሳይባል አይቀርም።

እኔ ምግብ ሳይበላ ሲመለስ ጨው እንደበዛ አውቃለሁ፣ በማግስቱ እቀንሳለሁ። ቢሮስ ከተመለሰው ሳህን ካልተማረ ከምን ይማራል? ስንት ሳህን እንዳጠበ ብቻ ከቆጠረ ኮምፒውተሩ ማጠቢያውን አፈጠነለት እንጂ ወጡ ያው ነው።

ከመዝጋታቸው በፊት በቋንቋችን ደውለው ይጠይቁን። በድምፅ ማመልከትም ይፈቀድ፤ በአማርኛም ማንበብ የማትችል እህት አለችን።

እኛም ዝም ብለን አንጠብቅ። የተዘጋባችሁን መልእክት ፎቶ አንሥታችሁ አምጡ፣ ስማችሁን እንሸፍናለን። አንድ ላይ ስናየው ሁሌ የሚጎድለው ምን እንደሆነ ይታወቃል፣ ለአዲሶቹ ልጆች ቀድመን እንነግራቸዋለን፣ ለቢሮውም ሰብስበን እናስገባለን። የኔን ሁለቱን አርብ ይዤ እመጣለሁ።