እጮኛዬ ለዘጠኝ ቁልፍ ሲል ረሳኝ!

«ከእጮኛዬ ጋር ሦስት ዓመታችን ነው። ሠርግ የሚቀርጹ ሰዎች ዘንድ የቪዲዮ ኤዲተር ነው። ሰሞኑን ማታ ማታ መበየጃ ይዞ ማክሮፓድ የምትባል ዘጠኝ ቁልፍ ያላት ትንሽ ኪቦርድ ይሠራል። ኪቦርድ እያለው! ለጎጆ መውጫ ካጠራቀምነው እየቀነሰ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። ስጠይቀው ‹አንቺ አይገባሽም› ይለኛል። ልተወው ወይስ ልታገስ?»
የ24 ዓመት ወጣት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ እስቲ ረጋ በይ። ስንቱ የት እንዳመሸ አይታወቅም፤ ያንቺው የሚያመሸው ጠረጴዛው ላይ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ኤዲተር ሲቆርጥ፣ ሲመልስ፣ ሲያስቀምጥ ነው የሚውለው። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ሁለት ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን አለበት። ማክሮፓድ ያንን ሁሉ በአንዲት ቁልፍ ትጨርሳለች። ስለዚህ መጫወቻ ብቻ ናት ማለት አይቻልም።

ወጪውስ? ራስበሪ ፓይ ፒኮ የተባለችው ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ2021 ስትወጣ ዋጋዋ 4 ዶላር ነበር፤ አገር ቤት እስክትገባ መጨመሯ አይቀርም። ዘጠኝ ስዊች፣ ዘጠኝ ክዳን፣ ሽቦና የዩኤስቢ ገመድ ይጨመራል። የስዊቹ መቀመጫ ቀዳዳ 14 በ14 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል 19.05። ለዘጠኝ ቁልፍ ዳዮድ እንኳ አያስፈልግም። የእያንዳንዱ አንድ እግር ለብቻው ከሰሌዳዋ ጋር ይያያዛል፤ ሌላው እግር በጋራ ግራውንድ ላይ ይበየዳል። ቁልፎቹን የሚያዘው ኬኤምኬ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በነጻ ነው። እንግዲህ ጎጆ የሚያፈርስ ወጪ አይደለም።

ኪስ የሚያራቁተው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው። ቀዩ ስዊች ለስላሳ፣ ቡናማው መሐል ላይ ጎርበጥ የሚል፣ ሰማያዊው ቀጭ ቀጭ የሚል ነው። ሁሉንም ልሞክር ያለ ሰው ማቆሚያ የለውም። (አንድ ክፍል ቤት የምትገቡ ከሆነ ሰማያዊው እንዳይመጣ ከወዲሁ ተማከሩ!)

ዋናው ችግር ግን «አይገባሽም» የምትለዋ ቃል ናት። ዛሬ በዚህ፣ ነገ በደመወዙ ትመጣለች። ስለዚህ «እኔ ወይስ ኪቦርዱ» አትበይው። አንድ ማታ አጠገቡ ቁጭ በይና «አሳየኝ» በይው። መስኮቱን ክፈቺለት፤ የብየዳ ጭስ ለሳንባ አይበጅም። ሊድ ያለበት ከሆነም ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ። ከዚያ ወጪውን በወረቀት እንዲጽፍልሽ ጠይቂው። ከየኪሱ የሚወጣ የወር መጠን ተስማሙ፤ የጋራውን ገንዘብ ማንም ለብቻው አይንካ።

አንተም ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ ዘጠኝ ሽቦ ሳትሰለች የበየድክ ሰው ለእጮኛህ አሥር ደቂቃ አስረዳት።

ካሳየሽና ሒሳቡን ካስቀመጠ ታገሺው። ደብቆ የጋራውን ከነካ ግን የሠርጉ ቀን ከመቆረጡ በፊት ቁርጥ ያለ ንግግር ያስፈልጋችኋል። የሆነውን ጻፊልን።