ትንሿ ሞተር ዳገት ላይ ስትደክም

በዚህ ወር ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐቤቴ ደጋ እንወጣለን። ጉዳያችን እዚያ ብዙ ቤት ደጃፍ ላይ የምትቆመው ትንሿና ርካሿ ሞተር ናት። አንዱ ስኩተር ይላታል፣ አንዱ ሞተር ሳይክል፣ የቀድሞ ሰዎች ደግሞ በድምፅዋ ዶቅዶቄ ብለው ጠርተዋታል። መምህሩን ትምህርት ቤት፣ የጤና ባለሙያዋን ቀበሌ የምታደርሰው እሷ ናት። ገበያ ሲሆን እህልና ዘይት ትጭናለች። ሌሊት ሰው ሲታመም ደግሞ መጀመሪያ የምትቀሰቀሰው እሷ ናት። ስለዚህ የእሷ ጤና የቤተሰቡ ጉዳይ ነው፤ ለባለሞተሩ ብቻ የሚተው አይደለም።

በየጊዜው ጋራዥ መውሰድ ለማይቻለው አንባቢ፣ ቤት ውስጥ ምን መሥራት እንደሚቻልና ምን መተው እንዳለበት በቅደም ተከተል እንይ።

ጥፋቱ የማን ነው?

ከቆላ ወይም ከሌላ ከተማ የተገዛች ሞተር መሐል ሜዳ ስትደርስ የሚሰማው ስሞታ አንድ ዓይነት ነው፤ “ዳገት አልወጣም አለች፤ ቤንዚን ትጠጣለች፤ ጥቁር ጭስ ታወጣለች።” ብዙ ሰው ተታለልኩ ብሎ ሻጩን ይረግማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉዳዩ የአየሩ ነው።

መሐል ሜዳ የምትገኘው ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። የጓሳ ሜዳ ደግሞ ከ3200 ሜትር ጀምሮ ሽቅብ ይሄዳል። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይቀንሳል። ፋብሪካው ከጻፈላት ጉልበት ከሩብ በላይ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። 150 ሲሲ ብላችሁ የገዛችኋት ሞተር መንዝ ላይ የምትሠራው እንደ 110 ሲሲ ነው።

ሁለተኛው ችግር ካርቡራተሩ ነው። ካርቡራተር ቤንዚንና አየር የሚያዋህድ ክፍል ሲሆን የቤንዚኑ ልክ ፋብሪካ ላይ የሚወሰነው ለቆላ አየር ነው። ይህን ሽሮ የሚሠራ ሁሉ ይገባዋል። ውሃው በሩብ ጎድሎ ሽሮው እንዳለ ቢጨመር ወጡ ይወፍራል። ሞተሯም እንዲሁ ነች፤ አየሩ ቀንሶ ቤንዚኑ እንዳለ ሲገባ ውህዱ ይወፍራል፣ ግማሹ ሳይቃጠል በጭስ ይወጣል። የምትከፍሉበትን ቤንዚን ሰማይ ላይ እየበተናችሁት ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ ካንዴላዋን አንብቡ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩ። ሞተሯ በደንብ ትቀዝቅዝ፣ በካንዴላው ዙሪያ ያለው አቧራ ይጠረግ፣ ከዚያ በራሱ ቁልፍ ይፈታ። ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ውህዱ ልክ ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ውህዱ ወፍሯል ወይም የአየር ማጣሪያው ታፍኗል። በዘይት ከራሰ ሞተሯ ዘይት እያቃጠለች ስለሆነ ይህ የቤት ሥራ አይደለም፣ ባለሙያ ይየው። ነጭ ከሆነ ደግሞ ውህዱ ቀጥኗል፣ ሞተሯም ከልክ በላይ ትሞቃለች።

ጥላሸት ካያችሁ ካርቡራተሩን ሳትነኩ በፊት ወደ አየር ማጣሪያው ሂዱ። የበጋ አቧራ ትንሿን ማጣሪያ በአጭር ጊዜ ይደፍናታል። ስፖንጅ ከሆነች በሳሙናና በውሃ ታጥባ ጥላ ላይ ትድረቅ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ተቀብታ በደንብ ተጨምቃ ትመለስ። ወረቀት ከሆነች ውሃ አይንካት፤ ቀስ ብላችሁ አራግፏት፣ ካረጀች ለውጧት። ብዙ “ዳገት አልወጣም” ያለች ሞተር እዚህ ላይ ትድናለች፤ ወጪውም የሳሙና ብቻ ነው።

ካንዴላው በሽቦ ብሩሽ ይጸዳ። የጫፉ ክፍተት መመሪያው ሌላ ካላለ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሲመለስ መጀመሪያ በጣት ይዙር፤ ቁልፍ የሚያዘው ጥርሱ ልክ መግባቱ ከታወቀ በኋላ ነው። የሞተሩ ራስ አሉሚኒየም ስለሆነ በጉልበት የገባ ካንዴላ ጥርሱን ይበላዋል፣ ያ ደግሞ የካንዴላውን ብዙ እጥፍ ያስወጣል።

ካርቡራተሩን በሰፌድ ላይ

ማጣሪያው ጸድቶ፣ ካንዴላው ተጠርጎ፣ ጥቂት ቀን ተነድቶ ጥላሸቱ ከተመለሰ ካርቡራተሩን መክፈት ይቻላል። ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉ፣ ከሥር ሰፌድ ወይም ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፤ የሚወድቁት የነሐስ ዕቃዎች ከምስር ብዙም አይበልጡም። ቀዳዳዎቹን በሽቦ አትውጉ፤ ቀዳዳው ከሰፋ ቤንዚኑ ይጨምራል። የጎማ መንፊያ በቂ ነው።

በመካከል የቆመችው ቁጥር የተጻፈባት የነሐስ ቀዳዳ ዋናዋ የቤንዚን መለኪያ ናት። ቁጥሯ ሲያንስ የምታሳልፈው ቤንዚን ያንሳል። ለምሳሌ 95 የሚል ካለባት መንዝ ላይ 92 ወይም 90 ሊስማማት ይችላል። ለውጡ በአንድ ደረጃ ይሁን፣ ጥቂት ቀን ተነድቶ ካንዴላው እንደገና ይነበብ። ቡናማ ሲሆን አቁሙ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ደጋ ላይ የተስተካከለች ሞተር ቆላ ስትወርድ ውህዱ ይቀጥናል፣ ሞተሯም ትግላለች። በየሳምንቱ ሸዋ ሮቢት ወይም ጀማ ሸለቆ የምትወርዱ ከሆነ ከአንድ ደረጃ በላይ አትቀንሱ። የፋብሪካዋን መለኪያ ግን አትጣሏት፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ከመፍቻው ጋር አስቀምጧት፤ ሞተሯን ብትሸጡም አብራት ትሂድ።

አዲሶቹ ባለ ኤሌክትሮኒክስ ሞተሮች የቤንዚኑን ልክ ራሳቸው ያስተካክላሉ። የሳሳውን አየር ግን እነሱም አያወፍሩትም። በኤሌክትሪክ የምትሠራው ሞተር ከዚህ ሁሉ ነፃ ናት፤ ነገር ግን ብርድ የባትሪዋን ጉዞ ስለሚያሳጥር የመንዝን ሌሊት ከቤት ውጭ ባታድር ይሻላታል።

እውነተኛው ማሻሻያ

ወጣቶች “ሞተሬን አሻሻልኩ” ሲሉ ብዙ ጊዜ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ በስተዋል፣ የአየር ማጣሪያውን አውጥተው ጥለዋል ወይም ትልቅ ካርቡራተር ገጥመዋል ማለት ነው። ደጋ ላይ የጎደለው አየር እንጂ ቤንዚን ስላልሆነ ትልቅ ካርቡራተር ጭስ ይጨምራል እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ማጣሪያ የሌላት ሞተር አቧራ እየዋጠች ፒስተኗን ትበላለች። የተበሳ ማርሚታ የሚያመጣው ለውጥ ሕፃናትን ከእንቅልፍ መቀስቀስ ነው።

ዳገት ለማውጣት የሚረዳው ቀላል ነገር ሌላ ነው። ሰንሰለት ያላት ሞተር ከፊት ትንሽ ባለጥርስ ብረት አላት። 14 ጥርስ ካለው ወደ 13 ብትለውጡ ጎማው ላይ የሚደርሰው የመግፋት ኃይል ከ7 በመቶ በላይ ይጨምራል፤ ፍጥነቷ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በመንዝ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ፍጥነት ማጣት ኪሳራ አይደለም። ማርሽ የሌላት ስኩተር ደግሞ በውስጧ ክብደታቸው በግራም የሚለካ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች አሏት። ከ1 እስከ 2 ግራም በቀለሉ ሲተኩ ሞተሯ ዳገት ላይ ሳትታነቅ ትዞራለች። ሽፋኑ ሲከፈት ቺንጊያውንም እዩት፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከሳሳ አብሮ ይለወጥ።

ዘይትም ማሻሻያ ነው። ብርድ ባለበት አገር ወፍራም ዘይት ጠዋት ላይ እንደ ረጋ ቅቤ ነው፤ መመሪያው ከፈቀደ ከ20ደብሊው50 ይልቅ 10ደብሊው40 ቶሎ ይዳረሳል። ማርሽ ላላት ሞተር ግን የመኪና ዘይት አትጨምሩ፤ ፍሪሲዮኗ በዚያው ዘይት ስለሚታጠብ ሊያንሸራትት ይችላል። ቆርቆሮው ላይ ለሞተር ሳይክል የሚል ይፈለግ።

ሳይቃጠል በቅጠል

እስካሁን ስለ ዳገቱ አወራን። ሰው የሚሞተው ግን ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት የሚደርስ ሰው 1300 ሜትር ገደማ ላይ ያርፋል። ይህን ሁሉ ቁልቁለት የምትይዘው የእጅ መዳፍ የማታህል የፍሬን ሸራ ናት። ያለማቋረጥ ከተያዘች ትግላለች፤ ከጋለች መያዝ ትተዋለች።

ስለዚህ ማርሽ ያላት ሞተር ዳገቱን በወጣችበት ማርሽ ትውረድ። ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ መውረድ የሚባለውን ልማድ ከቤታችሁ አስወግዱ፤ የሞተሩን መያዣ ያሳጣል፣ ጉም ውስጥ ደግሞ መብራትንም ሊያሳጣ ይችላል። ማርሽ የሌላት ስኩተር በሞተሯ የምትይዘው በጣም ጥቂት ስለሆነ ረጅም ቁልቁለት ላይ እየቆማችሁ ፍሬኗን አቀዝቅዙ።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ምርመራ ቀላል ነው። በብዙ ሞተሮች የፍሬን መሐል ላይ ቀስት አለ፤ ፍሬን ሲያዝ ቀስቱ ከምልክቱ ካለፈ ሸራው አልቋል። የዲስክ ፍሬን ሸራ ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ከወረደ ጊዜው ደርሷል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየ2 ዓመቱ ይለወጥ። አቧራውን በአፍ አትንፉ፤ ለሳንባ አይበጅም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ዘይት ወይም ግራሶ ሸራው ላይ ጠብ ካለ አጥቦ መመለስ አይበቃም፣ ይለወጥ። አዲስ ሸራ የገባላት ሞተር መጀመሪያ ሜዳ ላይ ትሞከር፤ ሰው የሚፈናጠጣት ከዚያ በኋላ ነው።

ሄልሜትም የዚሁ ጥገና አካል ነው። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲመረመሩ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል። ለጌጥ ዕቃ የተመደበ ገንዘብ ካለ ለሁለተኛ ሄልሜት ይዋል፤ ከኋላ የሚቀመጥ ሰውም ራስ አለው።

እሳት፣ ጭስና የሃይላንድ ጠርሙስ

የመንዝ ቤት በድንጋይ የተገነባ፣ ብርድ እንዳያስገባ የተዘጋ ነው። ማታ እዚያ ውስጥ እሳት አለ፣ ሕፃናትም አሉ። ስለዚህ ሞተሯን ለሌባ ብላችሁ ብታስገቧትም ቤት ውስጥ አታስነሷት። ከማርሚታዋ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን በእንቅልፉ ይወስዳል። ካርቡራተር የሚፈታው ደጅ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ከምድጃ ርቆ ነው። ከመንገድ የገባች ትኩስ ሞተር ላይ ዝተት ወይም ባና አታልብሱ፤ ማርሚታዋ ትቀዝቅዝ።

ማደያ በራቀበት ቦታ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ ይሸጣል። ልጅ ግን ጠርሙሱን የሚያውቀው በውሃነቱ ነው። የተረፈ ቤንዚን በሚቆለፍ ቦታ፣ በራሱ ዕቃ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ይቀመጥ። ልጅ ቤንዚን ከጠጣ እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ ሲወጣ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በጠርሙስ የተገዛው ቤንዚን ወደ ሰልባትዮው ሲገባም በጥሩ ማጣሪያ ይውረድ፤ ውሃና አሸዋ አብሮት ይመጣል።

መቼ እንተው?

የሞተሩ ውስጥ ክፍል፣ የጎበጠ ሹካ፣ የተሰነጠቀ ብረት፣ ዘይት የሚያፈስ የዲስክ ፍሬን የባለሙያ ሥራ ናቸው። እነሱን ይዛችሁ ስትሄዱ የጋራዡ ቋንቋ አያስደንግጣችሁ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ ስኩተርን በዓለም ያስተዋወቀችው ቬስፓም እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣችው ከዚያው አገር ነው። ቃሉን የሚያውቅ ደንበኛ የተለወጠለትን ዕቃ ስም ጠርቶ ይጠይቃል፣ አሮጌውንም አሳዩኝ ይላል።

ከወሩ አንዱን ቅዳሜ ለሞተሯ ስጧት። ዘይት፣ ማጣሪያ፣ ሰንሰለት፣ የጎማ ነፋስ፣ መብራት፣ በመጨረሻም ፍሬን ይታዩ። ልጆቹ፣ ሴቱም ወንዱም፣ መፍቻ እያቀበሉ አጠገባችሁ ይቁሙ። በቅሎ የምታድር ቤት ልጅ ሁሉ የኮርቻዋን ቁስል ማየት ይማር ነበር፤ ሞተር በምታድርበት ቤት ያደገ ልጅም የሳሳ የፍሬን ሸራ አይቶ “ዛሬ ቁልቁል አትውረዱ” ማለት ይማር።