የጉድጓድ ውኃ ሲሸት የጎረቤት መጸዳጃ ቤትም ይታይ

በአዲስ አበባ እንደ አፍንጮ በር ባሉ ነባር የአራዳ ሰፈሮች ቤቶች በተዳፋት ላይ ተጠጋግተው ስለተሠሩ፣ በግቢ የተቆፈረን የውኃ ጉድጓድ ከጎረቤት መጸዳጃ ቤት የሚለየው አጥር ብቻ ሊሆን ይችላል። የገጠር መንደሮችም በተሰባሰቡ ቁጥር ችግሩ የቀበሌ አመራሮች ጉዳይ መሆኑ አይቀርም።

እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ውኃ ሁሉ በፍሳሽ ተበክሏል ማለት አይደለም። አየር በማይደርስበት ጥልቀት ባክቴሪያዎች በውኃው ያለውን ሰልፌት ሲለውጡት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይፈጠራል። ሽታው የፍሳሽ ሆኖ ከዝናብ በኋላ የሚብስ ከሆነ ግን በቅድሚያ መጠርጠር የሚገባው መጸዳጃ ቤቱ ነው። በረኪና ተጨምሮበት ሽታው ሲጠፋ ተገላገልን የሚሉ አሉ፤ ፍሳሹ መስረጉን እስካላቆመ ድረስ ብክለቱ ይመለሳል።

ጉድጓዱ ከመጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር መራቅና ከተዳፋቱ በላይ በኩል መሆን ይኖርበታል። አንድ ቤተሰብ የጎረቤቱን መጸዳጃ ቤት ማስነሣት ስለማይችል ቦታውን በጋራ መወሰን ያስፈልጋል። እስከዚያው ለመጠጥ ሌላ ውኃ ይፈለግ። ለማጽዳት ተብሎም ማንም ሰው ወደሚሸት ጉድጓድ እንዳይወርድ፤ ጋዙ ሲበዛ ማሽተትን አደንዝዞ ይገድላል።